በሽምግልና ዘመን ስለሚደረግ የልብ ቀዶ ሕክምና



ሰው ሲሸመግል ጉልበቱ መድከሙን፥ ዓይኑ መፍዘዙን፥ እንቅልፉ መሳሳቱን ቤተ ሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ ያዝንለታልም። የልብ የደም ሥር መጥበብ ግን በስውር የሚሠራ በሽታ ስለ ሆነ፥ አባት ዳገት ሲወጡ ደረታቸውን ይዘው እስኪቆሙ ድረስ፥ ወይም እናት ሌሊት ትንፋሽ አጥሯቸው እስኪነቁ ድረስ፥ በቤት ውስጥ ማንም ሳያስተውለው ይቆያል። ከዚያም በኋላ ልጆች ከሐኪም ፊት ይቀርባሉ፤ ሐኪሙም የወላጃቸው የልብ የደም ሥሮች መጥበባቸውንና ደረታቸው ተከፍቶ ባይፓስ የሚባለው ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው እንደሚችል ይነግራቸዋል። በዚያች ሰዓት የሚነሣው ጥያቄ «ይደረግላቸው ወይስ ይቅር?» የሚል ነው። እኛም በዚህ ወር ዓምዳችን ስለዚህ ጥያቄ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን። ይህንም ማድረጋችን የሐኪምን ሥራ ለመሥራት ሳይሆን፥ ቤተ ሰብ ወደ ሐኪም ሲቀርብ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት፥ ከሁሉም አስቀድሞ ደግሞ ማንን መጠየቅ እንዳለበት ለማሳሰብ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በአገራችን «የልብ ቀዶ ሕክምና» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው፥ ልባቸው ቀዳዳ ኖሮት ስለ ተወለዱ ሕፃናት፥ ወይም ሳይታከም ከቆየ የጉሮሮ ሕመም በኋላ በሚመጣ በሽታ የልባቸው ቫልቭ ስለ ተበላሸ ወጣቶች ነው። ዛሬ የምንናገርለት ግን ሌላ ነው። እርሱም ልብን ራሱን የሚመግቡት ቀጫጭን የደም ሥሮች በስብና ኖራ በሚመስል ነገር ተለብጠው ሲጠቡ የሚደረግ ሕክምና ነው። ይህ በሽታ ከዕድሜ፥ ከስኳር በሽታ፥ ከደም ግፊትና ከትምባሆ ጋር አብሮ የሚሄድ ስለ ሆነ፥ ሰዎች ብዙ ዘመን በኖሩበት ቤት ሁሉ ሊገኝ ይችላል።

ልብ በአንድ ቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል፤ ሰው በዕረፍት ላይ ሳለ እንኳ በየደቂቃው 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። ይህን ሁሉ ለሌላው አካል ሲያድል፥ እርሱ ራሱ የሚመገበው ግን ከታላቁ የደም ሥር መነሻ ላይ በሚወጡ ሁለት ሥሮችና በቅርንጫፎቻቸው ብቻ ነው። በባይፓስ ጊዜ ቀዶ ሐኪሙ የደረትን አጥንት ከላይ እስከ ታች ይከፍታል፤ ከበሽተኛው እግር ወይም ከደረቱ ግድግዳ ጤነኛ የደም ሥር ወስዶም ከጠበበው ቦታ ማዶ ይሰፋዋል። ድልድይ የፈረሰበት መንገደኛ በሌላ ማቋረጫ ዞሮ እንደሚሻገር፥ ደሙም የተዘጋውን ቦታ ትቶ በአዲሱ መንገድ ያልፋል። ይህ ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ ልብ እንዲቆም ይደረግና የልብንና የሳንባን ሥራ የሚተካ መሣሪያ ደሙን ሲያዘዋውር ይቆያል።

ጥበቡ ብዙ ዘመን ያስቈጠረ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በ1953 ዓ.ም. ዶክተር ጆን ጊበን በፊላደልፊያ ከተማ በልብና ሳንባ መሣሪያ እየተረዱ የአንዲት የ18 ዓመት ወጣት ልብ ከፍተው ጠገኑ። በ1964 ዓ.ም. ዶክተር ቫሲሊ ኮሌሶቭ በሌኒንግራድ የደረትን የደም ሥር ከልብ የደም ሥር ጋር ሰፉ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ አርጀንቲናዊው ዶክተር ሬኔ ፋቫሎሮ በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ ከእግር በተወሰደ የደም ሥር መሥራት ጀመሩ፤ ሥራውም ከዚያ ወዲህ በዓለም ተስፋፋ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሐኪሞች ሽማግሌዎችን ለመቅደድ እጅግ ይፈሩ ነበር፤ ዛሬ ግን 80 ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ይህን ሕክምና ማግኘታቸው እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ስለዚህ ጥያቄው «ይቻላልን?» ከማለት አልፎ «ለእኚህ ሰው ይበጃቸዋልን?» ወደ ማለት ደርሷል።

እንግዲህ አደጋው ምን ያህል ነው? በአሜሪካ ከተጠናቀሩት ታላላቅ መዛግብት እንደሚታየው፥ ሌላ ቀዶ ሳይደረብበት ባይፓስ ብቻ ከተደረገላቸው ሰዎች፥ ወጣቱም ሽማግሌውም በአንድነት ሲቈጠር፥ ከ100ው 2 ያህሉ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ያርፋሉ። 80 ዓመት ባለፋቸው ሰዎች ዘንድ ቍጥሩ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይሆናል። ቀዶው ተዘጋጅተው የሚገቡበት ሳይሆን በድንገት በጭንቅ ሰዓት የሚደረግ ከሆነ ደግሞ አደጋው እጅግ ይጨምራል። እንዲህም ሆኖ ከሽማግሌዎቹ የሚበዙት ከቀዶው በሕይወት ይወጣሉ። «ከመሞት መሰንበት» የሚለው የአባቶች ተረት እዚህ ላይ የሚያበቃ ይመስላል። ነገር ግን ለሽማግሌ ሰው ከቀዶ ክፍል በሕይወት መውጣትና ወደ ቀድሞ ኑሮ መመለስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሚሰነብቱት እንዴት ሆነው ነው? ብሎ መጠየቅ ይገባል።

በሰንባች ላይ ከሚደርሱት ጉዳቶች አንደኛው ስትሮክ ነው። ታላቁ የደም ሥር በዕድሜ ብዛት እንደ ኖራ ግድግዳ ይደርቃል፤ ቀዶ ሐኪሙ ሲይዘው ወይም ቱቦ ሲያስገባበት የተፈረፈረ ቅንጣት በደም ተወስዶ የአንጎልን ሥር ሊዘጋ ይችላል። ይህ በጠቅላላው ከ100 ሰዎች በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ ይደርሳል፤ በሽማግሌዎች፥ ይልቁንም ከዚህ ቀደም ስትሮክ በነካቸውና የአንገታቸው የደም ሥር በጠበበባቸው ላይ፥ ከዚህ ይበዛል። ልብ እየመታ ሳለ ያለ መሣሪያ ቢሠራስ አደጋው አይቀንስምን? የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። በጀርመን አገር 75 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው 2,400 ያህል ሰዎች ላይ ተመርምሮ በ2013 ዓ.ም. የታተመው ጥናት ግን በሁለቱ አሠራሮች መካከል በሞትም ሆነ በስትሮክ ጎልቶ የሚታይ ልዩነት አላገኘም።

ሁለተኛው የአእምሮ መደናገር ነው። አባት ከማደንዘዣው በነቁ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ልጃቸውን ላያውቁ፥ ሌሊቱን ቀን ነው ሊሉ፥ የተተከለላቸውን ቱቦ ሊነቅሉ ይችላሉ። ይህን ያየ ቤተ ሰብ እጅግ ይደነግጣል፤ ነገር ግን ከታላቅ ቀዶ በኋላ በሽማግሌዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር ነው፤ በአብዛኛውም በጥቂት ቀናት ያልፋል። የሚያውቁት ድምፅ፥ መነጽራቸው፥ የጆሮ ማዳመጫቸው፥ የቀን ብርሃንና የሌሊት ጸጥታ በቶሎ እንዲመለሱ ይረዷቸዋል። ከዚህ የረዘመ የማስታወስ ድካምም አለ። በአሜሪካ በዱክ ዩኒቨርሲቲ 261 ሰዎችን ተከታትሎ በ2001 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፥ ከሆስፒታል ሲወጡ ከ100ው 53ቱ፥ ከስድስት ወር በኋላ 24ቱ፥ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ 42ቱ የማሰብና የማስታወስ ኃይላቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ከዚያ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን ይኸው የልብ በሽታ ኖሮባቸው ያልተቀደዱትም ሰዎች በዓመታት ውስጥ እንደዚሁ እንደሚደክሙ አሳይተዋል። ስለዚህ የኋለኛው ድካም ሁሉ የቀዶው ጥፋት አይደለም፤ የልብን ሥር የሚያጠበው በሽታ የአንጎልንም ሥር የሚጎዳ በመሆኑ ነው።

ሦስተኛው የልብ ምት መዛባት ነው። ከቀዶው በኋላ ባሉት ቀናት ከሦስት ወይም ከአራት ሰዎች በአንዱ ላይ ይታያል፤ ዕድሜም ያበዛዋል። አብዛኛውን ጊዜ በመድኃኒት ይመለሳል፤ ችላ ቢሉት ግን ደም እንዲረጋና ስትሮክ እንዲመጣ ያደርጋል። ከዚህም ሌላ አስቀድሞ የደከመ ኩላሊት ይበልጥ ሊደክም፥ ሳንባ ውኃ ሊይዝ ወይም በሳንባ ምች ሊያዝ፥ ቍስሉ ሊያመረቅዝ፥ ደም መፍሰሱ ሊበዛ ይችላል። እነዚህ በወጣት ላይ ቢደርሱ የአንድ ሳምንት መዘግየት ይሆናሉ፤ በሽማግሌ ላይ ሲደርሱ ግን አንዱ ሌላውን እየጠራ ሰውየውን ለወራት አልጋ ላይ ሊያውሉት ይችላሉ።

ይህን ሁሉ ስንዘረዝር ቀዶውን ለማስጠላት አይደለም። ከልብ የደም ሥሮች ዋነኛው፥ የግራው ግንድ የጠበበበት ሰው፥ ወይም ሦስቱም ሥሮች ታመውበት ልቡ የደከመ ሰው፥ በባይፓስ ዕድሜው ሊረዝም እንደሚችል ብዙ ጥናት አረጋግጧል። የደረት ውጋት ደጃፍ እንኳ አላስወጣ ያላቸው አረጋውያንም ከቀዶው በኋላ ያለ ሥቃይ ለመራመድ በቅተዋል። ነገር ግን የዚህን ሕክምና ሒሳብ ማስተዋል ያስፈልጋል። አደጋው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚከፈል ሲሆን፥ ዕድሜን የማርዘም ጥቅሙ የሚታየው በዓመታት ውስጥ ነው። የ60 ዓመት ሰው ያን ጥቅም ለመልቀም ብዙ ዘመን አለው። የ85 ዓመት ሰው፥ ይልቁንም የካንሰር ወይም የከባድ ኩላሊት በሽታ ያለበት፥ ዋጋውን ከፍሎ ፍሬውን ሳያይ ሊቀር ይችላል።

ደግሞም ባይፓስ ብቸኛው መንገድ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ዶክተር አንድሪያስ ግሩንትሲግ በዙሪክ ከተማ የጠበበውን ሥር ደረት ሳይከፈት በፊኛ ማስፋት ጀመሩ፤ ዛሬ በዚያው መንገድ ስቴንት የሚባለው የብረት መረብ ይገባል። መድኃኒትም በጣም ተሻሽሏል። በ37 አገሮች 5,179 ሰዎች የተካፈሉበትና በ2020 ዓ.ም. የታተመው ታላቅ ጥናት፥ በሽታቸው የተረጋጋ ሰዎች በመድኃኒት ሲጀምሩና ወዲያው ወደ ስቴንት ወይም ወደ ባይፓስ ሲሄዱ በሞት ረገድ በተከታተላቸው ዓመታት ውስጥ ልዩነት አላየም፤ ውጋት የሚበዛባቸው ግን በስቴንትና በቀዶው ይበልጥ እፎይታ አግኝተዋል። በዚያ ጥናት የግራ ግንዳቸው የጠበበ ሰዎች ስላልተጨመሩ፥ ውጤቱ ለሁሉ የሚሠራ አይደለም። ቢሆንም «ዛሬ ካልተቀደዱ ነገ ይሞታሉ» የሚለው ፍርሃት በብዙዎች ዘንድ እውነት እንዳልሆነ ያሳያል።

ዕድሜ በቍጥር ብቻ የሚመዘን አለመሆኑንም ሐኪሞች ተረድተዋል። በአገራችን ብዙ አረጋውያን የተወለዱበትን ቀን ሳይሆን «በጣልያን ጊዜ» የሚለውን ብቻ ያውቃሉ፤ ይህም ቢሆን ብዙ አይጎዳም። የሚበልጠው የአካላቸው ብርታት ነው። 70 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው የልብ ቀዶ ተረኞች ላይ ተሠርቶ በ2010 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፥ በሽተኞቹ በለመዱት እርምጃ 5 ሜትር እንዲራመዱ አደረገ። 6 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ የፈጀባቸው ሰዎች፥ ፈጥነው ከተራመዱት ይልቅ ለሞትና ለከባድ ጉዳት የመጋለጥ ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ጠዋት ማልደው ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው የሚመለሱ የ82 ዓመት አዛውንት፥ ከወንበር በሰው ድጋፍ ከሚነሡ የ72 ዓመት ሰው ይልቅ ቀዶውን ሊችሉት ይችላሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የቍጥሩ ነገር ሳይሆን የፈቃዱ ነገር ነው። ዶክተር ማይክል ደቤኪ በአሜሪካ በሂውስተን ከተማ ከዓለም ታላላቅ የልብ ቀዶ ሐኪሞች አንዱ ነበሩ። ገና ተማሪ ሳሉ በ1932 ዓ.ም. ያሻሻሉት የደም መግፊያ ፓምፕ ኋላ የልብና ሳንባ መሣሪያ ክፍል ሆኗል። በ2005 ዓ.ም. መጨረሻ፥ በ97 ዓመታቸው፥ ታላቁ የደም ሥራቸው ተሰነጠቀ። ይህ በሽታ ባይፓስ የሚደረግለት አይደለም፤ ግን የባሰ ከባድ ቀዶ የሚጠይቅ ነው፤ ቀዶውንም ከጀማሪዎቹ አንዱ ሆነው ያስተማሩት እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ። አዛውንቱ ቀዶውን አልፈለጉም። በየካቲት 2006 ዓ.ም. ራሳቸውን ስተው መናገር ሲያቅታቸው ግን ሐኪሞቹ እርስ በርሳቸው ተከራከሩ፤ የሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ጉባኤ ተሰበሰበ፤ ባለቤታቸውም ቀዶው ይደረግ ብለው አጥብቀው ያዙ። ተደረገላቸው። በመተንፈሻ መሣሪያ፥ በኩላሊት ማጠቢያና በቱቦ ምግብ ብዙ ሳምንታት ካሳለፉ በኋላ በመስከረም ወር ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በኋላም መቀደዳቸው መልካም እንደ ነበረ ተናገሩ፤ በ2008 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ከዚህ ታሪክ «ሽማግሌ እንቢ ቢልም ይቀደድ» የሚል ትምህርት አይወጣም፤ እንዲህ ያለ እንክብካቤ ለጥቂቶች ብቻ የሚገኝ ነውና። የሚወጣው ትምህርት፥ የዚህን ሕክምና ምሥጢር ከማንም በላይ የሚያውቁት ሰው እንኳ ውሳኔው በደረሰ ጊዜ መናገር አለመቻላቸው፥ የሚወዷቸውም ሰዎች በጭንቅ ሌሊት መከራከራቸው ነው።

በእኛ ቤት ደግሞ ሌላ ልማድ አለ። ሽማግሌው መናገር እየቻሉ ሳለ አይጠየቁም። «አይነገራቸው፥ ይደነግጣሉ» ይባላል፤ በውጭ አገር ያለው ልጅ ገንዘብ ይልካል፤ እዚህ ያለው ቤት ወይም መሬት ይሸጣል፤ አባት ወደ ሕንድ ወይም ወደ ታይላንድ «ለምርመራ» ተብለው ይወሰዳሉ፤ ደረታቸው እንደሚከፈት የሚሰሙት እዚያ ከደረሱ በኋላ ነው። ይህ ሁሉ ከፍቅር የመጣ መሆኑን እናውቃለን። ልጆች ጎረቤት «አባታቸውን ገንዘብ ሰስተው ገደሉ» እንዳይላቸውም ይፈራሉ። ነገር ግን ተቀድዶ የሚተኛው ደረት የአባት ነው እንጂ የልጅ አይደለም። ጦር ሜዳ ውለው፥ ልጅ ቀብረው፥ ቤት አቅንተው የኖሩ ሰው ስለ ገዛ አካላቸው እውነቱን መስማት ያቅታቸዋል ብሎ ማሰብ፥ ማክበር ቢመስልም ማክበር አይደለም። አንዳንዱ አዛውንት «የልጅ ልጄን ሠርግ እንዳይ ቅደዱኝ» ይሉ ይሆናል፤ አንዳንዱ «በቤቴ፥ በሰዎቼ መካከል ልሁን፤ መድኃኒቱ ይበቃኛል» ይላሉ። ሁለቱም ሊከበር የሚገባው ቃል ነው።

እንግዲህ በቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥም፥ ወላጅ ባሉበት ለሐኪሙ የሚቀርቡትን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እንጽፋለን።

1ኛ፤ የጠበበው የትኛው ሥር ነው? ቀዶው ዕድሜ ለማርዘም ነው ወይስ ውጋት ለማስታገሥ?

2ኛ፤ በመድኃኒት ብቻ ወይም በስቴንት ቢሆን ምን ይጠበቃል?

3ኛ፤ ለእኚህ ሰው፥ ከነኩላሊታቸው፥ ከነስኳራቸውና ከነአረማመዳቸው ሲታዩ፥ የሞትና የስትሮክ አደጋ ከ100 ስንት ነው?

4ኛ፤ በዚህ ሆስፒታል እንዲህ ባለ ዕድሜ ላሉ ሰዎች ይህ ቀዶ በዓመት ስንት ጊዜ ይሠራል?

5ኛ፤ ከቀዶው በኋላ ራሳቸውን ችለው ለመብላት፥ ለመልበስና ለመራመድ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅባቸዋል? ወደ አገር ሲመለሱስ የሚከታተላቸው ሐኪም ማን ነው?

6ኛ፤ ከባድ ጉዳት ቢደርስና መናገር ቢሳናቸው በመሣሪያ እስከ ምን ድረስ እንዲቈዩ ይፈልጋሉ? በእርሳቸው ፈንታ የሚናገረውስ ማን ይሁን?

የመጨረሻውን ጥያቄ የሚመልሱት ሐኪሙ ሳይሆኑ ወላጅ ራሳቸው ናቸው። ልጅ ለመጠየቅ አንደበቱ ቢያዝ፥ የነፍስ አባት ወይም አንድ የቅርብ የዕድሜ እኩያ ወዳጅ ቢጨመር ነገሩ ይቀላል።

ቀዶው ከተወሰነ ደግሞ ጊዜው እስኪደርስ በከንቱ መቀመጥ አይገባም። ትምባሆ ይተው፤ ሐኪም እንደ ፈቀደው በየዕለቱ ይራመዱ፤ በረጅሙ መተንፈስን ይለማመዱ፤ ስኳራቸው ይስተካከል፤ የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ፥ ደም የሚያቀጥነውም ሆነ የባህል መድኃኒቱ፥ ሳይሸሸግ ለሐኪም ይነገር። ከቀዶው በኋላ የደረት አጥንት እስኪገጥም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ከባድ ነገር ማንሣት፥ የልጅ ልጅ ማቀፍ፥ በእጅ ተደግፎ መነሣት፥ እንደዚሁም በእጅ መሬት ተመርኵዞ መስገድ አይገባም። የታመመ አካል የሚያጠነክር ምግብ ስለሚያስፈልገው ስለ ጾሙ ነገር ከሐኪምና ከነፍስ አባት ጋር መመካከር ይገባል፤ ቤተ ክርስቲያን ሕሙማንን እንደምታስብ የታወቀ ነው። ትኩሳት ቢመጣ፥ ከቍስሉ ፈሳሽ ቢወጣ፥ የደረት አጥንት ቢንቋቋ፥ እግር ቢያብጥ ወይም ትንፋሽ ቢያጥር በቶሎ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። አንደበት ቢተሳሰር ወይም አንድ ጎን ቢዝል ግን አንዲት ሰዓትም አይጠበቅም። አዘንትና ዝምታ ቢበዛባቸውም ከቀዶ በኋላ የሚመጣ የታወቀ ሕመም ስለ ሆነ ለሐኪም ይነገር።

አንባብያን ሆይ፤ ወላጆቻችሁ ዛሬ በጤና ከእናንተ ጋር በአንድ ማዕድ የሚቀመጡ ከሆነ፥ ይህን ነገር ለመጠየቅ ከዛሬ የተሻለ ቀን አይገኝም። ከቡና በኋላ፥ ረጋ ባለ ሰዓት፥ «አባባ፥ እማማ፥ ከባድ ሕመም ቢመጣብዎ ምን እንዲደረግልዎ ይወዳሉ?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ የሚሉትንም ሳትቈርጡ ስሟቸው። የተናገሩትንም ወንድምና እኅት ሁሉ፥ በሩቅ አገር ያለውም ጭምር፥ እንዲያውቀው አድርጉ።